የፍሪሲዮን ፔዳል ሲከብድ፦ በአሮጌ ትራክተርና በአሮጌ መኪና ላይ ምን እናድርግ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር፣ አምቦ



ከአምቦ ዙሪያ፣ ከጉደር፣ ከግንጪ፣ ከጌዶ፣ ከባኮና ከሌሎችም የምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናችኋለሁ። በቀደሙት ክፍለ ጊዜዎች ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና በጥቁር አፈር ላይ የሚተኛውን ውሃ ስለማጠንፈፍ ተነጋግረናል። የአሁኑ ክፍለ ጊዜ ርዕስ ጠበብ ያለ ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል ሲከብድ ምክንያቱን እንዴት እንደምናገኝና ምን እንደምናደርግ እናያለን።

«ይህ ከእርሻ ሥልጠና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው ጊዜ ነው። ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈራችን ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ዝናብ ሲበዛበት ደግሞ ጎማ ይውጣል። ትራክተር ገብቶ በደንብ ሊያርሰው የሚችለው በሁለቱ መካከል ባሉት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ትራክተር ቢቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይሆንም። በክላስተሩ ተራ ይዘው የሚጠብቁት ጎረቤቶች የጤፍና የስንዴ መዝሪያ ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህም ይበልጣል፤ የከበደ ፔዳል ሰው ይጎዳል። ይህን ወደኋላ ላይ በዝርዝር አነሳዋለሁ።

የትኞቹን መሣሪያዎች ይመለከታል?

በደርግ ዘመን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ይገጣጠሙ የነበሩት ቤላሩሶች እስከ ዛሬ ያርሳሉ። የቆዩ ማሴ ፈርጉሰኖችና ፊያቶችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ አዳዲስ ትራክተሮች ቢመጡም፣ ብቻውን ወይም ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር ሆኖ ለሚገዛ አርሶ አደር አቅሙ የሚፈቅድለት ብዙ ጊዜ ያገለገለውን ነው። ምርት ወደ ገበያ የምታወርዱባቸው የድሮ ላንድሮቨሮችና ቶዮታዎች፣ በከተማ በየግቢው የምናያቸው ቮልሶችም የዚሁ ዘመን ሰዎች ናቸው። ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ፔዳላቸው ሲከብድ የሚጠቁም መብራት ወይም የሚጮህ ደወል የላቸውም። ነጋሪያቸው የሹፌሩ እግር ብቻ ነው።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

እስቲ ሁላችሁም ሁለት መዳፋችሁን ግጠሙ። ቀኝ እጃችሁ ሞተሩ ይሁን፣ ግራ እጃችሁ ካምቢዮው። አጥብቃችሁ ተጫኑና ቀኙን አዙሩ፤ ግራውም አብሮ ይዞራል። አሁን አላሉት፤ ቀኙ ብቻውን ይዞራል፣ ግራው ይቆማል። ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው።

በትራክተሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ የብረት ጎማ አለ፤ ቮላኖ ይባላል። በእርሱ ላይ የፍሪሲዮን ሸራ የተለበጠበት ዲስክ ይቀመጣል። ዲስኩን ከኋላ የሚጫን ሳህን አለ፤ ሳህኑን ደግሞ ጠንካራ ሞላዎች ይገፉታል። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞላዎቹ ሸራውን ቮላኖው ላይ ያጣብቁታል፤ ጉልበት ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ፔዳሉን ስትረግጡ ሞላዎቹን ታስጨንቃላችሁ፤ ሸራው ይላላል፤ ማርሽ መቀየር ይቻላል።

ከእግራችሁ እስከ ሞላው ድረስ ያለውን መንገድ በቃላችሁ ያዙት። ፔዳሉ በዘንግ ላይ ይወዛወዛል። ከፔዳሉ የሚነሳ የብረት መጎተቻ፣ ወይም ካቮ፣ ወይም በቱቦ ውስጥ ያለ ዘይት ኃይሉን ወደ ታች ያደርሳል። ከታች ማንሻ አለ፤ ማንሻው በውስጥ ያለውን ሹካ ያዞራል። ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የሳህኑን ጣቶች ይጫናል፤ ጣቶቹ ሳህኑን ወደኋላ ይስባሉ። ፔዳሉ ከከበደ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ታሟል ማለት ነው። ሥራችን የትኛው እንደሆነ ማግኘት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጤነኛ ፍሪሲዮንም ክብደት አለው፣ የሚረገጠው ሞላ ነውና። በአንዳንድ ማሴ ፈርጉሰኖች ላይ ያለው ድርብ ፍሪሲዮን ደግሞ በተፈጥሮው ከበድ ይላል። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጉዞውን ያቆማል፤ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የኋላውን የኃይል ማውጫ ዘንግ ያቆማል። በመካከሉ እንደ ሁለተኛ ደረጃ የሚሰማው ጥንካሬ በሽታ አይደለም። ስለዚህ የእናንተ መለኪያ ትናንት የነበረው ክብደት ነው። በእርሻ ወቅት መጀመሪያ ላይ፣ ትራክተሩ ደህና ሳለ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡና እግራችሁ እንዲያስታውሰው አድርጉ።

ከመፍታታችሁ በፊት ጠይቁ

በሬ ሲያነክስ ጅራፍ አናበዛበትም፤ ቆም አድርገን ሰኮናውን እናያለን። ፔዳልም ሲከብድ እግር ማጠንከር መፍትሔ አይሆንም። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ መቼ ጀመረ? በአንድ ቀን በድንገት ከሆነ የተሰበረ፣ የወለቀ ወይም የተጣመመ ነገር ፈልጉ። ቤላሩስ ላይ እግርን የሚያግዝ ሞላ ከፔዳሉ ጋር ተያይዟል፤ ይህ ሞላ ከወለቀ ወይም ልኩን ከሳተ ፔዳሉ ወዲያው ይከብዳል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከመጣ ዝገትን፣ ጭቃንና የግራሶ እጥረትን ጠርጥሩ። ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ ከጀመረ ደግሞ የተገጠመው ዕቃ የዚያ ትራክተር መሆኑንና አገጣጠሙ ትክክል መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አረጋገጡ ምን ዓይነት ነው? ለስላሳ ሆኖ ከባድ ነው ወይስ እየያዘ እየለቀቀ ይሄዳል? እየቆራረጠ የሚሄድ ከሆነ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው።

ሦስተኛ፣ እግር ሲነሳ በራሱ ይመለሳል? ዘግይቶ የሚመለስ ወይም ወለል ላይ የሚቀር ፔዳል መንገዱ ላይ የሚይዘው ነገር አለ። ሞላው ቢጠነክር ኖሮ ፔዳሉን ፈጥኖ ይመልሰው ነበር።

እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የሚችለው ትራክተሩን የሚነዳው ሰው ነው። ባለቤቱ ራሱ የማይነዳ ከሆነ ኦፕሬተሩን አስቀምጦ ይጠይቀው።

መንገዱን ለሁለት ክፈሉት

አሁን ወደ ዋናው ፍተሻ እንሂድ። ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁሙ። ማረሻውን መሬት ላይ አውርዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ከሥር አይግባ።

ቀጥሎ አጽዱ። የኮቲቻ ጭቃ በፔዳሉ ሥርና በዘንጉ ዙሪያ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። በእንጨትና በብሩሽ አራግፉት፤ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። አንዳንዴ በሽታው በሙሉ ይኸው ሆኖ ይገኛል። ውሃ ስትጠቀሙ ግን ወደ ፍሪሲዮን ቤቱ መመልከቻ ቀዳዳ አትርጩ፤ ውስጡ ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት።

ከዚያ ፔዳሉን ከታችኛው ማንሻ ጋር የሚያገናኘውን የብረት መጎተቻ ፈልጉ። ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሽቦ አውጡና ፒኑን ንቀሉት። መንገዱ አሁን ለሁለት ተከፍሏል፤ የፔዳሉ ወገን ብቻውን፣ የፍሪሲዮኑ ወገን ብቻውን። ቤላሩስ ከሆነ ጥንቃቄ ጨምሩ። የሚያግዘው ሞላ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ሳይላላ ከተነካ እጅ ይሰብራል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ያላላው።

አሁን ፔዳሉን በእጃችሁ ግፉት። ከላይ እስከ ታች በአንድ እጅ መሄድ አለበት። ካልሄደ በሽታው እዚያው በፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ለመክፈት ምንም ምክንያት የላችሁም።

ፔዳሉ ነፃ ከሆነ ወደ ታችኛው ማንሻ ሂዱ። በእጅ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። መጀመሪያ ትንሽ ርቀት ያለ ችግር ይሄዳል፤ ከዚያ ከሞላው ጋር ተገናኝቶ ይቆማል። ያቺ ትንሽ ርቀት ኩሽኔታው ከጣቶቹ ጋር እስኪገናኝ ያለችው ክፍተት ናት። ማንሻው በእርሷ ውስጥ እንኳ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ የሹካው ዘንግ ዝጎ ይዟል፣ ወይ ክፍተቱ ጠፍቶ ኩሽኔታው ጣቶቹን ሁልጊዜ እየተጫነ ነው። የትኛው እንደሆነ ክፍተቱን በማስተካከል ይታወቃል።

ሁለቱም ወገን ነፃ ከሆነ የሚቀረው መገናኛው ነው። መጎተቻው ተጣሟል? ፒኑና ቀዳዳው ተበልተዋል? ሁሉም ደህና ሆኖ ፔዳሉ ሲገጠም ተመልሶ ከከበደ ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ያኔ መካኒክ ይጠራል።

ይህ ፍተሻ ጥቂት ቁልፎች፣ ፒንሳና መዶሻ ብቻ ይፈልጋል። በግማሽ ቀን ያልቃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሥሩን እንይ።

በፔዳሉ ወገን ከሆነ

የፔዳሉ ዘንግ በቦኮላ ውስጥ ይዞራል። ግራሶ ሳያገኝ ሲቀር ውሃ ይገባበታል፤ ይዝጋል፤ ዘንጉና ቦኮላው ይያያዛሉ። መፍትሔው ይህ ነው። ናፍጣ ወይም ዝገት የሚያላ ዘይት አፍስሱበትና ይደር። በማግሥቱ ፔዳሉን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አላሉት። ዘንጉን አውጥታችሁ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፤ በናፍጣ እጠቡ፤ አድርቁ። ቦኮላው በአንድ ወገን ተበልቶ ከሆነ ለውጡት። አዲስ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ።

የግራሶ መግቢያዋን ጡት አትርሱ። ብዙ ጊዜ በጭቃ ትደፈናለች። ግራሶ ሲሰጣት ከውጭ ይገነፍላል፤ ሹፌሩ ግራሶ የገባ ይመስለዋል፤ ዘንጉ ግን ደረቅ ነው። ፈትታችሁ በናፍጣ እጠቧት። ግራሶ በትክክል የገባ እንደሆነ የሚታወቀው አሮጌው ጥቁር ግራሶ በወዲያኛው ጠርዝ ሲወጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሦስት አርሶ አደሮች በጋራ የገዙት አንድ አሮጌ ቤላሩስ ፔዳሉ ከብዶ እርሻ ሊጀመር ሲል ቆመ። ጋራዥ «ፍሪሲዮኑ በሙሉ ይለወጥ» አላቸው። ገንዘብ ለማዋጣት ሲመካከሩ የቀበሌው የልማት ሠራተኛና ኦፕሬተሩ መጎተቻውን ነቅለው ሞከሩት። ፔዳሉ ብቻውን ሆኖም አልንቀሳቀስ አለ። ዘንጉ ከቦኮላው ጋር በዝገት ተጣብቆ ነበር። በናፍጣ አድሮ፣ ተጠርጎና ግራሶ ተቀብቶ በማግሥቱ ወደ ማሳ ገባ። ሸራው ደህና ስለነበር አልተነካም። ሁልጊዜ እንዲህ በርካሽ ያልቃል አልላችሁም። በርካሽ ማለቅና አለማለቁን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ክፍተቱን ማስተካከል

ፔዳል ሲረገጥ የመጀመሪያው ርቀት ያለ ክብደት መሄድ አለበት። ይህ ነፃ ርቀት ይባላል። ለቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አትገምቱት። ከፔዳሉ አጠገብ ማስመሪያ አቁሙ፤ ፔዳሉ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ክብደት እስኪሰማችሁ በእጅ ግፉና ልዩነቱን አንብቡ። ልኩ ካልሆነ የመጎተቻውን መቆለፊያ ዳዶ አላሉ፤ መጎተቻውን አሳጥሩ ወይም አስረዝሙ፤ እንደገና ለኩ፤ ዳዶውን አጥብቁ። ሌላ ትራክተር ከሆነ ልኩን ከመመሪያ መጽሐፉ ውሰዱ፤ የአንዱን ልክ ለሌላው አትጠቀሙ።

ነፃው ርቀት ካነሰ ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ ይግላል፤ ያልቃል። ሸራውም ሙሉ በሙሉ ስለማይያዝ ይንሸራተታል፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ከበዛ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሽ ይንጫጫል። ስለዚህ ክብደትን ለማስወገድ ብሎ መጎተቻውን ያለ ልክ ማላላት አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው።

በውስጥ በኩል ከሆነ

ቤላሩስ ላይ ኩሽኔታው ግራሶ ማግኛ አለው። በፍሪሲዮን ቤቱ በግራ በኩል ያለውን ክዳን ፈትታችሁ በግራሶ ፓምፕ ትደርሱበታላችሁ። ጥቂት ጊዜ መግፋት ይበቃል። ያለመጠን ከተሰጠ ትርፉ ሸራው ላይ ይረጫል፤ ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ ይንሸራተታል። «ብዙ ግራሶ ብዙ ዕድሜ» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ግራሶ ሰጥታችሁም ካልተሻለው ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ተቦርቡሮ፣ ሹካው ተጣሞ፣ ወይም ጣቶቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት ትራክተሩ ከወገቡ ላይ መከፈት አለበት። ያን ሥራ በዛፍ ሥር፣ በድንጋይና በእንጨት ድጋፍ አትሞክሩት። የትራክተር ግማሽ አካል ሲንሸራተት ሰው አይዘውም። ትክክለኛ ማቆሚያና ክሪክ ያለው መካኒክ ይሥራው።

ሲከፈት ግን ባለቤቱ ቆሞ ይይ። ከዕቃው ይልቅ መክፈቱና መግጠሙ ነው ጊዜና ገንዘብ የሚበላው። ስለዚህ ሸራውን ለውጦ አሮጌውን ኩሽኔታ መመለስ ከንቱ ቁጠባ ነው፤ ኩሽኔታው ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ እንደገና ያስከፍታል። ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የሳህኑ ጣቶች፣ የሹካው ቦኮላዎችና ዘይት የሚያፈሱት ጎሚኒዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይታዩ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ፤ የትኛው ወገን እንደተበላ ራሱ ይነግራችኋል።

አሮጌ መኪና ላይ

በቮልስ ላይ ፔዳሉን ከኋላ ካለው ፍሪሲዮን ጋር የሚያገናኘው ረጅም ካቮ ነው። ካቮው በቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው ውስጥ ዝገትና አቧራ ሲጠራቀም ፔዳሉ ይከብዳል፤ እየያዘም ይለቅቃል። ካቮውን አውጥታችሁ እዩት። ከክሮቹ አንዱ እንኳ ተበጥሶ ከሆነ ዘይት አታባክኑበት፤ ለውጡት፤ መንገድ ላይ መበጠሱ አይቀርም። ደህና ከሆነ አጽዱና ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። የቮልስ ፔዳል ነፃ ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚስተካከለውም በካቮው የኋላ ጫፍ ባለው ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። እዚያው ያለው ተጣጣፊ ቱቦ መጠነኛ ጉብጠት እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያለመጠን ከጎበጠ ካቮውን ያንቀዋል።

በላንድሮቨርና በቶዮታ ላይ ኃይሉን የሚያደርሰው ዘይት ነው። ከላይ ፔዳሉ የሚገፋው ፓምፕ አለ፤ ከታች ሹካውን የሚገፋ ሌላ ፓምፕ አለ፤ በመካከላቸው ቱቦ። እዚህ ላይ ሁለት በሽታዎችን አታምታቱ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ጋዝ ታውቁታላችሁ፤ ጋዝ ይታመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይታመቅም። በዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ እግራችሁ የሚጨምቀው አየሩን ስለሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። መፍትሔውም አየሩን ማስወጣት ነው። ፔዳሉ የሚጠነክርና ዘግይቶ የሚመለስ ከሆነ ግን አየር ማስወጣት አይረዳም፤ መንገዱ ተዘግቷል ወይም ጎሚኒው አብጧል።

ጎሚኒን የሚያሳብጠው ዋናው ነገር የሞተር ዘይት ነው። በፍሬን ዘይት ዕቃ ውስጥ በቸገረ ጊዜ «ዘይት ዘይት ነው» ተብሎ የሞተር ዘይት ከተጨመረ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ መለወጥ አለባቸው። ላስቲኩ ቱቦም ሲያረጅ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይጠባል።

መንገዱን ለሁለት የመክፈል ዘዴ እዚህም ይሠራል። በታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። አንድ ሰው ብሎኗን ያላላ፤ ሌላው ፔዳሉን በቀስታ ይርገጥ። ፔዳሉ ከቀለለ የላይኛው ፓምፕና ቱቦው ደህና ናቸው፤ በሽታው ከታችኛው ፓምፕ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። አሁንም ከከበደ በሽታው ከላይ ነው። እግር ከመነሳቱ በፊት ብሎኗ ትጠበቅ፤ አለበለዚያ አየር ይገባል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ዓይንም ያቃጥላል፤ ተጠንቀቁ።

በቆዩት መኪኖች ላይ ሸራ ሲያልቅ ፔዳሉ ብዙም አይከብድም። ሳህኑ በአንድ ሰፊ ክብ ሞላ በሚሠራባቸው በኋላ ዘመን መኪኖች ላይ ግን ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ይከብዳል። የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ መካኒካችሁን ጠይቁ፤ የመፈለጊያውን ቦታ ያሳጥርላችኋል።

በሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት

አሁን ቀደም ብዬ ወዳነሳሁት ልመለስ። ትራክተር ጎማው ተውጦ ወይም ማረሻው ሥር ይዞት ሳለ በኃይል ሲጎትት የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ወደኋላ ለመገልበጥ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚያ ቅጽበት ሹፌሩን የሚያድነው ፍሪሲዮኑን ወዲያው መርገጡ ነው። ፔዳሉ የሚታገል ከሆነ ያቺ ቅጽበት ታልፋለች።

ሁለተኛው ማረሻ ሲገጠም ነው። ሹፌሩ ወደኋላ ይመጣል፤ አንድ ወጣት በትራክተሩና በማረሻው መካከል ቆሞ ይጠብቃል። ፔዳሉ ከከበደ ወይም እስከ መጨረሻ ካልለቀቀ ትራክተሩ ካሰበው አንድ ክንድ አልፎ ይሄዳል። በዚያ አንድ ክንድ ውስጥ ያለው የሰው ደረት ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማንም ሰው በመካከል አይቁም፤ ፔዳሉ ደህና ቢሆንም።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ምርት የጫነ ተሳቢ ይዞ የጉደርን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ከመውረዱ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት አለበት። ፔዳሉ የከበደበት ሹፌር ማርሽ መቀየር ስለሚሰለቸው በገባው ማርሽ ይወርዳል፤ ወይም መሐል ላይ ሊቀይር ሞክሮ ማርሹ አልገባ ይለዋል። ያኔ ጭነቱን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል።

ልማድና ተጠያቂነት

ፔዳልን የሚያከብዱትን ልማዶች እንተው። እያረሱ እግርን ፔዳል ላይ ማሳረፍ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ቆሞ ወሬ ሲያወሩ ማርሽ አስገብቶ ፔዳል ረግጦ መቆየትም እንዲሁ፤ ማርሹን ነፃ አድርጎ እግርን ማንሳት ይቀላል። በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ትራክተር ይዞ መቆም ሸራውን ያቃጥላል።

ትራክተር ያላችሁ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ግራሶ የተሰጠበት ቀን፣ ነፃው ርቀት ሲለካ የተገኘው ሚሊ ሜትር፣ የተለወጠ ዕቃ ይጻፍበት። ከእርሻ ወቅት በፊት አንድ ጊዜ፣ በወቅቱ መካከልም በየሳምንቱ ይታይ።

ኦፕሬተር የቀጠራችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። «ፔዳሉ ከብዷል» ሲሉ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል መልስ ካገኙ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላሉ፤ እግራቸውን እያጠነከሩ ይነዳሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እናንተ ደግሞ የሚያስደብቁ አትሁኑ። ቶሎ የተናገረን አመስግኑት። የአንድ ቀን ሥራ ቢያስቀርም የወቅቱን ሥራ አትርፎላችኋልና። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው እንወጣለን። እዚያ በቆመው ትራክተር ላይ ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ነፃውን ርቀት ትለካላችሁ፤ መጎተቻውን ነቅላችሁ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ትሞክራላችሁ። ቤታችሁ ስትመለሱ ያንኑ በራሳችሁ ትራክተር ላይ አድርጉና ያገኛችሁትን ልክ ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ስጡ። በሚቀጥለው ስብሰባችን ደብተሮቹን አንድ ላይ እናያለን። ትራክተር የሌላችሁም ተከራይታችሁ ስታሳርሱ መጀመሪያ ሹፌሩን «ፔዳልህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።